ጉሮሮ የደረሰው የዓይን ጠብታ

ስለ ደርግ ዘመን ትዝታውን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ወይ ታስሮ ነበር፣ ወይ አሳስሮ ነበር፣ ወይ በረሃ ወርዶ ነበር። እኔ በዚያ ዘመን ሰው ዓይን ውስጥ መድኃኒት እንዴት ጠብ እንደሚደረግ አስተምር ነበር። ይህን ስናገር ወዳጆቼ ያዝኑልኛል፤ ታሪክ በደጄ ሲያልፍ እኔ የሰው ዓይን ቆብ ይዤ የቀረሁ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ታሪክን ብዙ ሰው አይቶታል፤ የዓይን ቆብን ገልብጦ ያየ ግን ጥቂት ነው።

ደባርቅ ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት የተመደብሁት ገና ጢሜ ሳይሞላ ነው። መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነበርሁ፤ አገሩም አያስቀምጥም። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ የጣቢያውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ይውላል። የወታደር ካሚዮን ወደ ሊማሊሞ ባለፈ ቁጥር ገበያተኛው ቀና ብሎ ያይና አንገቱን ይደፋል። አንድ ነገር ሊመጣ ነው እያልን፣ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንከርም ነበር።

በዚያ መካከል ከየገበሬ ማኅበሩ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ የጤና ወኪል ይሁን የሚል መመሪያ መጣ። የተመረጡትን ዳባት ላይ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ሰብስቤ እንዳሠለጥን ታዘዝሁ። ቁስል ማጠብ፣ ውኃ ማፍላት፣ ከሁሉ በላይ ግን ዓይን ነበር ትምህርቱ። ያ አገር የዓይን በሽታ አገር ነው፤ ባልቴቶች ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አስረው ወደ ውስጥ የሚበቅለውን ሽፋሽፍት እየነቀሉ ይኖራሉ።

ትምህርቱ አጭር ነው። እጅህን ታጠብ። በሽተኛው ወደ ላይ ይመልከት። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርግና በተፈጠረችው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ጣል። የብልቃጡ አፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም አይንካ፤ ከነካ የአንዱን በሽታ ለሌላው እያዞርህ ታድላለህ። ከዚያ ይጨፍን፣ ዓይኑን አይሽ። ይኸው ነው። ሁሉም "ይቺማ ምን አላት" አሉ። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እርስ በርስ ይለማመዱ ብዬ ለቀቅኋቸው፤ ክፍሉ በአንድ አፍታ ጥምቀተ ባሕር መሰለ። ጠብታው ከዓይን በቀር ያልደረሰበት የለም።

ከሠልጣኞቹ መካከል በዕድሜ የገፉ አዋላጅ ሴት ነበሩ። እርሳቸውን ለማሳያ አስቀመጥኋቸውና "እማማ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ" አልኋቸው።

"እላይ ምን አለና?"

"ምንም የለም፤ ዝም ብለው ይመልከቱ።"

"ምንም የለም? አንተም እንደነሱ ጀመርህ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በር አጠገብ የተቀመጠው የወረዳው ካድሬ መሳቅ ይገባው እንደሆነ አላወቀም፤ ሁለት ጊዜ ሳል አለ።

ከእኔ ቀጥሎ የዚህ ነገር ሁለተኛ ሰው እዚያው ነበር፣ ከደባርቅ በላይ ካለ መንደር የመጣ፣ አርባ ዓመት የሚጠጋው ገበሬ። ጣቱ የአካፋ እጀታ ያህላል፤ ልቡ ግን ከሁሉም ትጉ ነው። ችግሩ መቆጠቡ ነበር። አንዲት ጠብታ መሬት እንዳትወድቅ ብሎ የብልቃጡን አፍ ሽፋሽፍቱ ላይ ያስደግፋል።

"አታስነካው አላልሁም?"

"ይባክናላ።"

"ይባክን!"

"ይባክን የሚል መንግሥት አለ?" አለኝ፤ ካድሬውን ሰረቅ አድርጎ አይቶ።

የሆነው ሆኖ ለመደ፣ ብልቃጦቹን ይዞ ወደ መንደሩ ወጣ። የነቢያት ጾም እንደገባ ግን ወደ ጤና ጣቢያው እየሮጠ መጣ። የንስሐ አባቱ ቄስ አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ እብቅ ዓይናቸው ገብቶ አሳብጦታል። አብሬው ወጣሁ። ቄሱ ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል፤ እብቁ የገባው በቀረችው ነው። ብሌኗ ጠርዝ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አየሁ። ቁስል ነው። ካልተገታ ይሰፋል፤ ከሰፋ ቄሱ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ጎንደር ሆስፒታል ልልካቸው አሰብሁ፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ ለወታደር ካልሆነ ዝግ ነበር። ስለዚህ ያለኝን ጠብታ ሰጠሁ፤ ከንጋት ጀምሮ እስኪተኙ ድረስ በየሰዓቱ እንዲያደርግላቸው ወኪሉን አዝዤ ተመለስሁ።

በሳምንቱ ስመለስ የጤፏ ፍሬ የምስር ክክ አክላለች።

"ጠብታውን ሰጥተሃል?" አልሁት ወኪሉን።

"ሰጥቻለሁ።"

"በየሰዓቱ?"

መሬት መሬት ማየት ጀመረ። መልሱን የሰጡኝ ቄሱ ናቸው።

"እሱን ምን ትጠይቀዋለህ? ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሰጠኛል። ከዚያ በፊት ጾም ነው።"

"አባ፣ ይህ እኮ የዓይን መድኃኒት ነው፤ አይበላ አይጠጣ።"

"ጉሮሮዬን መረረኝ።"

"ዓይንና ጉሮሮ ምን አገናኘው? ሐሳብ ነው።"

"ሐሳብ እንዲህ ይመርራል?" አሉኝ። "ጠብ ባደረገልኝ ቁጥር ጥቂት ቆይቶ እሬት የዋጥሁ ያህል ይመረኛል። በጉሮሮዬ ያለፈ ነገር አልፏል። ጾሜን በየሰዓቱ እየሻርሁ እሑድ በምን አፌ መቅደስ ልግባ?"

"ለታመመ ጾም የለም ይሉ የለም?"

"እላለሁ። ለታመመ ጾም የለም፤ ለታመመ ቄስም ቅዳሴ የለም። ሁለት ነን፤ ሦስተኛችን በክረምቱ አረፈ። በአንድ ቄስ ደግሞ አይቀደስም። እኔ ስታከም ደጁ ይዘጋ? እነዚያ ካድሬዎችስ የሚጠብቁት ይህንን አይደል?"

ወኪሉን ወደ ጓሮ ወስጄ ተቆጣሁት። "እምቢ ቢሉስ? አንተ ለምን እሺ አልህ?" አልሁት።

"የንስሐ አባቴ ናቸው" አለኝ። "ጹም ሲሉኝ እየጾምሁ የኖርሁላቸውን ሰው ጾምዎን ይፍቱ ልበላቸው?"

ደባርቅ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ካድሬው ጣቢያው ድረስ መጣ፤ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

"ጓድ፣ ይህማ ወርቅ ነው! ሃይማኖት ዓይን ሲያጠፋ በተግባር። ጻፈውና በስብሰባ ላይ ይነበባል።"

"ሰውየው ሊታወሩ ነው እኮ።"

"አንድ ቄስ ታወረ ማለት የአንድ ወረዳ ሕዝብ ዓይኑ ተገለጠ ማለት ነው" አለኝ፤ ከዚያ የእኔን ፊት አይቶ ሐሳቡን አሻሻለ። "ካዘንህላቸውም ቀላል ነው። አብዮት ጥበቃዎቹ ግራ ቀኝ ይያዟቸው፣ አንተ ጠብ አድርግ።"

ቄሱን በልቤ ስሰድብ ነበር ከተራራው የወረድሁት። ኋላ ቀር፣ ግትር፣ ያላልኋቸው የለም። ካድሬው ያንኑ ስድብ ሲደግምልኝ ግን አፌ ውስጥ ጎመዘዘኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ትክክል ነገር ግማሹን የሠራሁት ከእኔ ጋር የተስማማውን ሰው ስላልወደድሁት ነው። ያን ቀን ምሳዬን አልጨረስሁም። ከጣቢያው በር እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ተመላለስሁ። ነጩ ነጥብ በየሄድሁበት ይከተለኛል። ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰፋ፣ ስነሣ ደግሞ ሰፋ ይለኛል።

በማግሥቱ ማለዳ ሳልቀምስ አንድ ብልቃጥ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ላክማቸው አልነበረም፤ ልረታቸው ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና በገዛ ዓይኔ ጠብ አደረግሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ ጠበቅሁ። አንድ ነገር በአፍንጫዬ ጀርባ ወረደና ጉሮሮዬ ላይ መራራ ሆኖ ተቀመጠ። ተፋሁ። አልሄደም። ቄሱ እውነታቸውን ነው።

መሸነፍ የማልወድ ሰው ነኝና እዚያው ድንጋይ ላይ ተናደድሁ። ንዴቱ ውስጥ ሳለሁ ለፈተና የሸመደድሁት አንድ ሥዕል ትዝ አለኝ። እንባ ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድባት ቀጭን ቧንቧ አለች፤ አፏ ያለው በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ማዕዘን ላይ ነው። ፈተናውን ካለፍሁ ወዲህ ለምንም አልፈለግኋትም ነበር። ምሬቱ እስኪጠፋ ተንጎራደድሁና በሌላው ዓይኔ ጠብ አድርጌ፣ ጨፍኜ፣ ያን ማዕዘን በጣቴ ጫን አልሁት።

ጭራሮ የተሸከመች ሴት በአጠገቤ ስታልፍ እንባዬን አይታ ቆመች።

"እግዜር ያጥናህ ወንድሜ፤ ማን ሞተብህ?"

"ማንም አልሞተ።"

"እንግዲያ ምን ያነፋርቅሃል በጠዋት?" አለችና ሸክሟን አስተካክላ ሄደች።

እኔ ግን ምራቄን እየዋጥሁ ነበር። አልመረረኝም። ትንሽ ቆየሁ። አሁንም የለም። ቀሪውን ዳገት ሮጥሁት።

ቄሱ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ወኪሉ አጠገባቸው ዝንብ ያባርራል። የሆነውን ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁኝ።

"በልተህ ነበር የሞከርኸው?"

"ሳልቀምስ።"

"ጥሩ። የበላ ምላስ ለምስክርነት አይበቃም።" ከዚያ ወደ ወኪሉ ዞሩ። "እጅህን ታጠብ።"

መደቡ ላይ ተጋደሙ። ወኪሉ ራስጌያቸው ተንበርክኮ ቆቡን ሳብ አደረገ፤ ጠብታዋ ብልቃጡ ምንም ሳይነካ ኪሷ ውስጥ ወደቀች። መጫኑ ላይ ግን ጣቱ አየር ላይ ቀረ። የእኒህን ሰው መስቀል ተሳልሞ እንጂ ፊታቸውን ነክቶ አያውቅም። ቄሱ እንደ ጨፈኑ እጃቸውን ዘርግተው ያን ወፍራም ጣት ያዙና ማዕዘኑ ላይ ተከሉት።

"ጠበቅ አድርገው እንጂ! እኔ ግንባርህን በመስቀል ስመታህ አዝኜልህ አውቃለሁ?"

መጠበቅ ጀመርን። እኔ ግቢውን እዞር ነበር።

"አንተ ሐኪም፣ ቁጭ በል!" አሉ ቄሱ ሳይገልጡ። "በኮቴህ የጉሮሮዬን ነገር አሳጣኸኝ።"

ተቀመጥሁ። ምራቃቸውን ዋጡ። ጠበቁ። እንደገና ዋጡ። ማንቁርታቸው ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ እኔም አብሬ ዋጥሁ። በመጨረሻ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ጠየቁኝ።

"የሚቀጥለው መቼ ነው?"

"ከሰዓት በኋላ... አንድ ሰዓት ቆይቶ ማለቴ ነው።"

ወኪሉ ብልቃጡን ይዞ ሊነሣ ሲል ተቆጡት። "አንተ ደግሞ የት ልትሄድ ነው? አልሰማህም?"

ለካድሬው አንድ መስመር ጻፍሁለት፤ ሕመምተኛው መድኃኒታቸውን በየሰዓቱ እየወሰዱ ነው የሚል። አንብቦ በብርድ የተመታ መሰለ። የሚቀጥለው ሥልጠና ሲመጣ መጫኑን እንደ አንድ ደንብ ጨመርሁት። ለምን እንደሆነ አለቃዬ ሲጠይቀኝ መድኃኒቱ እንዳይባክን ነው አልሁት፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረም። ውሸትም አልነበረም።

ነጩ ነጥብ መስፋቱን አቆመ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠባሳ ሆነ። ቄሱ ያዩ ይሆን? እኔ ብጠይቃቸው "አያለሁ" ይሉኛል፤ ያሉኝንም አላምንም ነበር። ስለዚህ የገና ማግሥት በነበረው እሑድ ወጣሁ። ቁርሴን በልቼ ስለነበር፣ የመንግሥት ሠራተኛም ስለሆንሁ፣ በሁለት ምክንያት ከውጭ አጥሩ ሥር ቆምሁ። ቅዳሴውን በቃላቸው ይወጡታል፤ ዓይን የሚፈተነው ወንጌሉ ላይ ነው፤ የዕለቱ ከመጽሐፍ ነው የሚነበበው።

ድምፃቸው ጀመረ። ጥቂት ሄደና ቆመ። በሩ ላይ የቆመው ወኪል አንገቱን ወደ ውስጥ ሲያሰግግ አየሁት። ጣቱ ሳያውቀው የራሱን ዓይን ማዕዘን ተጭኖ ነበር። እኔም ያለሁበትን ረስቼ ወደ በሩ ተራመድሁ።

ከውስጥ አንድ ሳል ተሰማ። "ጧፉን አቅርበው" አሉ ቄሱ፣ ለዲያቆኑ፣ በቁጣ። ንባቡም ከቆመበት ቀጠለ።