በስፓኒሽ መናደድ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ቤት ቁጭ ባልኩ በሁለተኛው ወር፣ ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ የቋንቋ ትምህርት ቤት «አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሪና እንይሽ» አለኝ። የተማርኩት ስፓኒሽ ነው። ባለቤቱም ዳይሬክተሩም የሆኑት፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰውዬ፣ ስፓኒሽ አንድ ቃል አይችሉም፤ ግን ሊመዝኑኝ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥራውን በጣም ፈልጌዋለሁ። እናቴ ጠዋት ስትቀሰቅሰኝ «ሥራ ፈላጊዋ፣ ተነሺ» ማለት ጀምራለች።

የዕለቱ ትምህርት የስሜት ግሶች ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «እኔ ሻይ እወዳለሁ» ካላለ አይሆንለትም፤ ስፓኒሽ ግን እንደኛው ነው። እኛ «ደስ ይለኛል፣ ያናድደኛል፣ ያሰለቸኛል» ስንል አድራጊው ነገርየው ነው፣ እኛ የሚደረግብን ነን። እነሱም «ሜ ጉስታ፣ ሜ ሞሌስታ፣ ሜ አቡሬ» ይላሉ። ተማሪዎቹ ወዲያው ገባቸው። ችግሩ፣ ስሜት አለኝ የሚል ሰው ጠፋ።

ከተማሪዎቹ አንዱን፣ ቱሪስት የሚያመላልሰውን ሾፌር፣ ምን እንደሚያናድደው ጠየቅኩት።

«ምንም። ሰላም ነው ቲቸር።»

ፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነችው ሴትዮም፣ ተመስገን፣ ሁሉ ነገር ደህና ነው አለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲካሰስ ስትጽፍ የምትውል ሴት። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረብኝም።

«ጋሼ እኮ ስፓኒሽ አይሰሙም» አልኳቸው ተማሪዎቹን፣ በስፓኒሽ፣ ቀስ ብዬ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። ጸሐፊዋ የሽንት ቤቱ በር አለመዘጋቱ ያናድደኛል አለች። ሾፌሩ ጭራሽ ተነስቶ ቆመና «ሜ ሞሌስታ ኤል ዲሬክቶር» አለ፤ ኮሪደር ላይ ስልክ ይዞ መጮህን በእጁ አሳየ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

«ዳይሬክተር ሲል ሰምቻለሁ» አሉ ጋሼ። «ምን አለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በጣም ደስ ይሉናል ነው ያለው ብል አለቀ፣ ሥራው የእኔ ነው። ግን አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል።

«ስልክ ላይ ሲጮሁ ያናድደኛል ነው ያለው፣ ጋሼ። ግሱን ግን አልተሳሳተም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ሌሎቹስ?» አሉ፤ የበሩንም ነገርኳቸው። «ዝም ያሉትስ?» ሲሉኝ፣ «እነሱ ቃላቱን ገና ተምረው አልጨረሱም» አልኩ።

ክፍሉ ሲበተን ጋሼ ደረጃው ጋ ጠሩኝ።

«ሰኞ ጀምሪ። ግን በቤት ዕቃ ስም ጀምሪላቸው፤ ስሜቱ ትንሽ ይቆይ።»

ስሜት የሌለበት ምን ቋንቋ አለ ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሥራ ማግኘቴ ገባኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ፣ «ከወንበር እጀምራለሁ።»