ትምህርት ቤት የተላኩት ሽማግሌዎች

ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የሰው ደም እመረምራለሁ። ሥራዬን አልጠላውም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ለምርመራ በገባ ቁጥር እስካሁን ፊቴ ይቀላል። የሥራ ባልደረቦቼ «ደግሞ ምን ሆነች?» ይላሉ። ምን ብዬ ልንገራቸው? በቃ፣ እኔ ሽማግሌ ተልኮልኛል። ለትዳር ቢሆን እኮ ወግ ነበር። ለእኔ የተላከው ለናቹራል ሳይንስ ነው።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልፌ ፕሪፓራቶሪ የገባሁ ጊዜ ነው። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ናቹራል የገባ ሐኪምም ኢንጂነርም ሊሆን ይችላል፣ ሶሻል የገባ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ታሪክ ምናምን ይማራል። ዩኒቨርሲቲም የሚገባው በዚያው በመረጠው ነው። በእኛ ሰፈር፣ ማለቴ ካዛንቺስ በእኛ ግቢ፣ ነገሩ የሚታወቀው በሌላ መልኩ ነበር። ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ ሰነፍ ሶሻል ይጣላል። አለቀ። አባቴ ደግሞ ቡልጋሪያ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ እዚያ ያሉት የጋራዥ ሠራተኞች ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሮ «ዶክተር» ነበር የሚሉኝ። አንዱማ ጀርባውን ገልጦ «እስኪ እዪልኝ» ብሎኛል።

እኔ የምፈልገው ሕግ ነበር። ይህን ፍቅር ያስያዘኝ ማን መሰላችሁ? የእድራችን ዳኛ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። የእድሩ ስብሰባ በግቢያችን ሲሆን ወንበር የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ ጨርሼ ግን አልሄድም። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ተጣልተው ሊደባደቡ ሲነሱ እሳቸው «በሕግ አምላክ!» ይላሉ፤ ሁለቱም ቁጭ። ከዚያ አንዱን እስከ መጨረሻው ይሰሙታል፣ ሌላውንም እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። አቤት እንዴት እንደምቀናባቸው! መስተዋት ፊት ቆሜ ብቻዬን «በሕግ አምላክ» እያልኩ ተለማምጃለሁ። ስለዚህ ምረጡ ስንባል፣ ማንንም ሳላማክር ሶሻል አልኩ።

ቤት ገብቼ ሶሻል ነኝ ስል አባቴ የጎረሰውን ሳይውጥ «መደቡሽ?» አለኝ። መረጥኩ ማለት ነበረብኝ። እኔ ዝም ስል እሱ ራሱ ጨረሰው፤ «በዚህ ውጤት! ልጄን በደሏት!» እናቴም «ሰው የለንማ! ሰው ያለውማ አስገብቷል» አለች። በማግስቱ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ከሰው ቤት ሰው ቤት ሲዞር ዋለ። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ዓርብ ዕለት ነው።

ዓርብ ትምህርት ላይ እያለን መስኮት ዳር የምትቀመጥ ልጅ «ኧረ ሽማግሌዎች!» አለች። ክፍሉ ተነቅሎ መስኮቱ ላይ ሰፈረ። ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች በሜዳው መሃል ቀስ ብለው ይመጣሉ። ከፊት የእድራችን ዳኛ ከነከዘራቸው፣ ከሦስቱም ኋላ አባቴ፣ ለሰርግ ብቻ የሚያወጣውን ሱፍ ለብሶ። ተላላኪዋ መጥታ ስሜን ስትጠራማ ጉድ ፈላ። «ተጠየቀች! ሙሽሪት!» እልልታው ቀለጠ። አስተማሪው ራሱ ይስቃል። ምናለ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ቢሮ ስገባ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ዳይሬክተሩ «ኧረ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» እያለ ይለምናል፣ እነሱ ደግሞ ልክ ልጅ ሊጠይቁ እንደሄዱ «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለዋል። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በስህተት ይሆናል ብለን ነው እንጂ በክፋት ነው አላልንም። ለሽበታችን ሲሉ ልጃችንን ናቹራል ያስገቡልን» አሉ። ያ ሁሉን ቁጭ የሚያደርግ ድምፅ በእኔ ምክንያት ሲለማመጥ ሰማሁት።

ዳይሬክተሩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «አባቶቼ፣ ማንም አልመደባትም። ራሷ ናት የመረጠችው። አንቺ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

ሁሉም አዩኝ። እኔ አባቴን አየሁት። መረጥኩ ካልኩ፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎችን በውሸት ከቤታቸው ያስወጣ ሰው ሊሆን ነው። ከእንግዲህ እድር ላይ እንዴት ይቀመጣል? ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ክራቫቱ ጠምሟል። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ።

ዳይሬክተሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «እንግዲህ እናንተን ባዶ እጃችሁን አልመልስም» አለ። ያኔ ተቀመጡ። ሲነሱም መረቁኝ፤ ዶክተር ያድርግሽ፣ ለወገን የምትደርሺ ያድርግሽ። እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ያቺ አሜን እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ከግቢው ወጥተን በኡራኤል በኩል ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ዳኛው ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ይሄ ሶሻል የሚሉት ምንድነው የሚማሩበት?»

«ታሪክ፣ ጂኦግራፊ… በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ሕግ።»

«ሕግ? ዳኝነት?»

«አዎ፣ ዳኝነትም።»

«እና አንቺ ምን ነበር የፈለግሽው?»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ጫማቸውን እያየሁ «እንደ እርስዎ መሆን» አልኩ።

ቀና ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ እኛ ምን አድርጉልን ብለን ነው የለመንነው? እኔ እኮ የሰነፍ ማጎሪያ መስሎኝ ነው!»

አባቴ ክራቫቱን ላላ አደረገ። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እንመለስ።»

«አሁን ዳይሬክተሩን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለ አባቴ።

«አንተን አልጠየቅሁም» አሉና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እኔ ሰው ሳስታርቅ ስንት ደጅ ጠንቻለሁ፣ ዛሬ ባፍር አልሞትም። እንመለስ ካልሽ አሁኑኑ እመለሳለሁ። በይ ተናገሪ።»

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። እረፍት ተደውሎ ነበር። የክፍሌ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያጨበጭባሉ። አንዷ ሹራቧን እንደ ቬሎ ራሷ ላይ ጥላ ትሽኮረመማለች። በእነሱ ፊት፣ ያንን ሜዳ ከሦስት ጋቢ ጋር እንደገና ላቋርጠው ነው።

«ታክሲ መጣ» አልኳቸው።

አልመጣም ነበር። ሁላችንም እስኪመጣ ቆመን ጠበቅን።