ምሳውን እስኪበላ

ሳን ሆዜ ባለው የቅዳሜና እሁድ ገበያ ስድስት ዓመት ከአንድ አሜሪካዊ ጎን ነገድኩ። እኔ የስልክ ቻርጀር፣ ካልሲና ሻንጣ እሸጣለሁ። እሱ ያገለገለ መዶሻ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይሸጥ ነበር። እኔ ካልሲውን ስድስት ስድስት እያሰርኩ ‹‹ዛሬ ብቻ ነው›› እላለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ዛሬ ብቻ ነው። እሱ የዕቃውን እንከን ገዢ ሳይጠይቀው ቀድሞ የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ እንዴት ይሸጣል እያልኩ እገረም ነበር። ደግሞም ብዙ አይሸጥም።

ዕድሜው ስድሳን አልፏል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳንታ ክላራ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል፣ ቅዳሜና እሁድ ገበያ ይወጣል፣ በመሃል ደግሞ በፒክአፑ የነጋዴውን ዕቃ ያመላልሳል። ኪራይ ካቃተው ወዲህ የሚያድረውም እዚያው ፒክአፕ ውስጥ ነው። እዚህ አገር ስመጣ የሚቸገረው የማይሠራ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱን ካወቅሁ በኋላ ያንን ለማንም ደግሜ አላወራሁም።

ይህ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቱ ሲሞት ሺፍት ላይ ነበርና አልደረሰም። እናቱ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬደው አላሜዳ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ተኝታለች። ‹‹እሷ ግን ብቻዋን አትሄድም፣ እጇን ይዤ ነው›› ይለኝ ነበር። የመኪናው ቻርጀር ስለተበላሸ ስልኩ ገበያ በዋለ ቁጥር እኔ መደብ ላይ ቻርጅ ይደረጋል። የመጦሪያውን ቁጥር አሳይቶኝ፣ ይህ ከደወለ አንስተህ ሮጠህ ንገረኝ አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼም አይከብድም።

አንድ እሁድ፣ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደወለ። ነርሷ ነበረች። የእናቱ አተነፋፈስ ተለውጧል፣ ልጇ አሁኑኑ ይምጣ አለች። ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ መደቤን ጥዬ ሮጥኩ።

ገበያው ዳር ላይ ቁም ሳጥን ከፒክአፑ እያወረደ አገኘሁት። ገመዱ ትከሻው ላይ ነው፣ ላቡ ይንጠባጠባል። ቁርስ በልተህ ነበር? አልኩት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከቡና በቀር ምንም አልቀመሰም። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ዕቃ ለተሸከመ፣ ባዶ ሆዱን ለዋለ ሰው አይነገርም። ይቀመጣል፣ እህል ይቀምሳል፣ አጠገቡ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ነው። ሴትዮዋ ግን ገና አልሞተችም። የመጣሁት መርዶ ይዤ አልነበረም። ይህን ጭንቅላቴ መለየት አቃተው።

‹‹ምን ፈለግህ፣ ቦስ?›› አለኝ።

‹‹ምሳ ልጋብዝህ ብዬ ነው።››

ሳቀ። ‹‹አንተ ከከፈልክማ የሆነ ሰው ሞቷል ማለት ነው።››

አብሬው ሳቅሁ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እሱ ቁም ሳጥኑን አድርሶ እስኪጨርስ፣ እዚያው ገበያ በርበሬና ነጠላ ወደሚሸጡ፣ እማማ ወደምንላቸው ያገሬ ሰው አሮጊት ሄድኩ። ብዙ የቀበሩ፣ ብዙ መርዶ ያረዱ ሴት ናቸው።

‹‹አንተ ልጅ፣ እንዳትነግረው›› አሉኝ። ‹‹እህል ይቅመስ። መኪና የሚነዳ ሰው ነው፣ ደንግጦ ይገለበጣል።››

‹‹እማማ፣ ነርሷ እኮ አሁኑኑ ነው ያለችው።››

‹‹ነርስ መቼ አሁኑኑ ሳትል ታውቃለች?››

የተሰበሰበው ሰው እኔና እሳቸው ብቻ ሆንን። ምግብ ከሚሸጡት ሜክሲኮዎች ታኮ የሚሉትን ሥጋ የተጠቀለለበት ቂጣ ገዛሁና ሦስታችን ተቀመጥን። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። የሰው ግብዣ ስለሆነ አጣጥሞ በላ። ወሩ ሲያልቅ ሁለት ቀን ዕረፍት እንደፈቀዱለት፣ እናቱን በዊልቸር አላሜዳ ባሕሩ ዳር ወስዶ እንደሚያናፍሳት አወራልን። እማማ በማይሰማው ቋንቋ ብላ፣ ብላ ይሉታል። ሦስተኛውን ታኮ ሲያነሳ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እጄን ከትቼ ዘጋሁት። ይጨርስና፣ አልኩ በልቤ።

ሰባት ሰዓት ላይ ነገርኩት።

አልጮኸም። መቼ ነው የደወሉት? አለኝ። አምስት ሰዓት አልኩ። የወረቀት ሳህኑን አየ፤ ከዚያ እኔን።

‹‹ስበላ እያየኸኝ ነበር?››

ልንዳልህ ብዬ ቁልፉን ያዝኩ፤ ከእጄ ወሰደው። ቢሆንም ጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ አላስወረደኝም። የእሁድ መንገድ ተዘጋግቶ ነበር። ኦክላንድ ደርሰን ከውኃው ሥር ወደ አላሜዳ በሚወስደው የመኪና ዋሻ ገባን።

መጦሪያው ስንደርስ እናቱ አርባ ደቂቃ ቀድማን ሄዳለች። እኔ ኪሴ ውስጥ የዘጋሁት፣ እየደከመች ነው ለማለት የተደወለ ነበር። ማን አጠገቧ ነበር? ብሎ ጠየቀ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ ዓይኗ ቀልቷል። እሁድ ስለሆነ ኮሪደሩን ሙሉ ብቻዋን እንደያዘች፣ በየመሃሉ እየመጣች እንዳየቻት፣ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ግን ሌላ ክፍል እንደነበረች ነገረችው። ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ‹‹ያንቺ ጥፋት አይደለም›› አላት። ያንቺ የሚለውን ጠበቅ አድርጎ ነው ያለው፣ ወይም ለኔ እንደዚያ ተሰማኝ።

ሰኞ ሥራ ገባ። እኔና እማማ ለቅሶ ልንደርስ ፈለግን፤ ለቅሶ የሚደረስበት ቤት የለውም። ማክሰኞ እንጀራና ወጥ ይዘን መጋዘኑ ፓርኪንግ ሄድን። የምሳ ብሬኩ ግማሽ ሰዓት ነው። እማማ ፒክአፑን ተደግፈው አለቀሱ፤ እሱ ጀርባቸውን እየደባበሰ አጽናናቸው። አጽናኙ ማን እንደሆነ ጠፋን።

እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ልማዳችን፣ ስለ ባዶ ሆድ፣ ሰው ደንግጦ እንዳይወድቅ ስለሚደረገው ጥንቃቄ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። በሕይወቴ ብዙ አሳምኜ ሸጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፌ ከድቶኝ አያውቅም። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

‹‹ገባኝ›› አለ። ‹‹ደግ ልማድ ነው። ጊዜ ላለው ሰው።››

ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። አንድ ደቂቃ ካረፈደ የቅጣት ነጥብ ይይዙበታል። ምግቡን ተቀብሎ መኪናው ውስጥ አስቀመጠና ወደ ሥራው ገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎኔ ያለው ቦታ ላይ ጌጣጌጥ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። የገበያውን ቢሮ ስጠይቅ፣ ራሱ ነው ወዲያኛው ዳር አዛውሩኝ ያለው አሉኝ። እማማ ይመለሳል ይላሉ። እኔ አልከራከራቸውም። ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያነሳልኛል፤ እኔም አነሳለሁ። አንድ ቀን ደፍሬ እስከ መደቡ ሄድኩ። ገዢ ይዞ ነበር። እስኪጨርስ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ፤ ሁለተኛ ገዢ መጣ፤ ተመለስኩ።