ሲስተም የለም ያልንበት ቀን

«ሲስተም የለም» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ባንክም ሂድ ወረዳ፣ እጁን አጣጥፎ «ሲስተም የለም» ይልሃል፤ በቃ፣ ማንም አይጠየቅም። እኔም ላፍቶ ባለ አንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩና ስንት ጊዜ ብያታለሁ!

አንድ ረፋድ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሕሙማን መረጃ ያለበት ሰርቨር ተቃጠለ። በዚያው ሰዓት ራሷን የሳተች ሴት ከሀና ማርያም ይዘው መጡ። ታላቅ እህቷ «አምና እዚሁ የተወጋችው መድኃኒት ሊገድላት ነበር። ስሙን አላውቀውም፣ እናንተ ጋ ተጽፏል» ትላለች። እውነቷን ነው። የወረቀት ካርዱን ግን ኋላቀር ነው ብለን አስወግደነዋል። ዶክተሩ «ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ብዙ መጠበቅ አልችልም፣ ቶሎ በል!» አለኝ።

መረጃው ኮፒ የሚደረግበት ሃርድ ዲስክ ነበረን። የት? ንብረት ክፍል፣ ካቢኔ ውስጥ፣ ተቆልፎ! በኃላፊው ስም የተመዘገበ ስለሆነ ያለ እሳቸው ፊርማ አይወጣም። እሳቸው ደግሞ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ጎፋ ቀብር ሄደዋል። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሰው ልትሞትብን ነው! ልስበረው?»

«እንዳትነካው! ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቀብሩ ሲያልቅ እመጣለሁ።»

አይ አገር! ዕቃ እንዳይጠፋ ሰው ይጥፋ? መዶሻ አምጥቼ ሰበርኩት። ጥበቃው ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። እህትየዋ «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» እያለች ከኋላዬ ታለቅሳለች።

ዲስኩን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። የመጨረሻው ኮፒ ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገ ነው። የአምናው ሕክምናዋ የለበትም።

የኮፒ መቆጣጠሪያ መዝገቡ ላይ ግን በየሳምንቱ «ኮፒ ተደርጓል» ይላል፤ ከጎኑ የእኔ ፊርማ። በየጊዜው ፎርም መሙላትና ቁልፍ መለመን ሰልችቶኝ ዝም ብዬ እፈርም ነበር። ጥቂት ሳምንት የዘለልኩ ነበር የመሰለኝ። ሁለት ዓመት!

ዶክተሩ በግምት መድኃኒት ሰጣት፤ ግምቱ ሳተ። ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ። እንደምንም መለሷት፤ ሳምንት ሙሉ መተንፈሻ ተገጥሞላት ተኛች። ተረፈች፣ ተመስገን።

ለእኔ ቁልፍ በመስበሬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ስለ ፊርማዬ የጠየቀኝ የለም። እህትየዋ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ አቅፋ ትስመኛለች፤ «ያን ቀን እንዳንተ የተቆረቆረልን የለም» ትለኛለች። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።