በመሮጫው መንገድ ላይ የተበተነው ጥቅል

ልብስ ሰፊዋ ቁጥር የታተመበትን ቁራጭ ጨርቅ ከካናቴራው ጀርባ ላይ አመቻችታ ጠርዙን በድርብ ክር ትሰፋለች። የስፌት መኪናው ሲያቃስት መዘውሩን በመዳፏ ገፋ ታደርገዋለች፤ በጥርሷ ስፒል ነክሳለች። ልዩ ጦር በሚመለመልበት በዚህ ካምፕ ስትሠራ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ድሮ ምልመላው ቀላል ነበር፤ አለቃው የምልምሉን ትከሻ በጡጫ ደልቆ ካልተንገዳገደ «ይግባ» ይላል። አሁን ግን የሰው ጠባይ የሚያጠኑ ተመራማሪ መጥተዋል። ምልምል እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲርበው፣ ሲሰደብ ምን እንደሚሆን እያዩ ይጽፋሉ። ወጥ ቤት ያሉት «አይተኙ አያስተኙ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።

ከምልምሎቹ አንዱ የታናሽ እህቷ ልጅ ነው። በልጅነቱ ጉንጩ የተነፋ ስለነበር ቤተሰቡ ድምቡሼ ይለዋል፤ ዛሬ ሸንበቆ አክሏል፣ ስሙ ግን አልከሳም። እህቷ ባሏን ለጦር ሜዳ ገብራለች። ልጇ መመዝገቡን ስትሰማ እግሯ ላይ ወድቃ፣ «እትዬ፣ እንዳያልፍ አድርጊልኝ። ወድቆም ቢሆን ይምጣልኝ» ብላ አለቀሰች። በልብስ ሰፊ እጅ ምን አለና? ቢሆንም ልብስ ሰፊዋ ቃሏን ሰጠች።

ዕድሉ ራሱ በእግሩ መጣ። ተመራማሪው አንድ ማለዳ የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመው፣ ጥቅል ልብስ ተሸክማ መሮጫው መንገድ ላይ የወደቀች እንድትመስል በትሕትና ለመኗት። ምልምሎቹ በማንም በምንም ምክንያት እንዳይቆሙ ታዘዋል፤ የቆመ ይመዘገባል። ከልጆቹ መካከል ዘመድ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ምን ዘመድ ይኖራታል። የቆመ ወደቀ ማለት ነው ብላ በደስታ እሺ አለች።

በማግስቱ ጥቅሏን በትና መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ምልምሎቹ እያለከለኩ መጡ። አንዱ ዘለላት፤ ሌላው ይቅርታ እየጠየቀ አለፈ፤ ሌላው አንሶላውን ረግጦ ሄደ። ድምቡሼም አንገቱን ደፍቶ ሊያልፋት ሆነ።

«ድምቡሼ፣ ወገቤን» አለች ዝግ ብላ።

ቆመ። «አክስቴ፣ በዚህ ዕድሜሽ ይሄን ሁሉ ሸክም ማን አሸከመሽ?» አለና ልብሱን ሰብስቦ፣ ክንዷን ይዞ እስከ ስፌት ክፍሉ አደረሳት። እሷም በሆዷ፣ እህቴ ሆይ እልል በይ አለች።

ከሰዓት በኋላ ተመራማሪው ልጁን አስከትለው ገቡ። ለካ ትእዛዙ ወጥመድ ኖሯል። «ጉልበት በሥልጠና ይመጣል» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ለማያውቁት ሰው ሲሉ ሁሉን መተው ግን በሥልጠና አይገኝም። ከሁሉ አንደኛ ወጥቷል። እርስዎም እትዬ፣ አወዳደቅ ያውቁበታል።»

«አክስቱ ነኝ» ብትል ሁሉም ያበቃለት ነበር። አፏን ከፈተች። ድምቡሼ ከተመራማሪው ጀርባ ሆኖ ያያታል፤ ከሳቁ ጋር የልጅነት ጉንጩ ተመልሶ መጥቷል።

«ምን አደረግሁና» አለች መሬት መሬት እያየች።

ልጁ ከቤት የመጣበትን ሱሪና ሸሚዝ አጣጥፎ ሰጣት፤ ከእንግዲህ የደንብ ልብስ ስለሚለብስ ለእናቱ እንድታደርስለት፣ የምሥራቹንም እንድትነግራት። ዛሬውኑ አደርሳለሁ አለች።

ወደ እህቷ ቤት የሚታጠፈው መንገድ ላይ ስትደርስ እግሯ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ራሷ ቤት ሄደ። መጀመሪያ ይታጠብ አለች፤ አጠበችው። ተኮሰችው። የላላ ቁልፍ አጠበቀች፤ ምንም ያልሆነውን ኪስ ፈትታ እንደ አዲስ ሰፋች። ልብሱ እስከ ዛሬ ከወንበሯ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል።