ለሁሉም ሦስት ደቂቃ

በትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ከመድረኩ ትይዩ ከፍ ብላ የተሠራች ባለመስታወት ክፍል አለች። ሁለት ሰው ታስቀምጥና ሦስተኛውን ታቆማለች። የማይክራፎን ባለሙያው ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው እዚያ ነው። ለሚናገር ሰው ማይክ ይከፍታል፣ ሲጨርስ ይዘጋል። በዚህ የተነሳ ባልደረቦቹ «ጋሽ ማብሪያ» አሉት፤ በዋናው ስሙ የሚጠራው የደመወዝ ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሬዲዮውን ሳይፈታ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ «ይሄማ ድምፅ ማጉያው ተቀዷል» ይላል፤ ሲፈታም ተቀዶ ይገኛል። ያ ጆሮ አዳራሹ ውስጥም ጠቀመው። ተናጋሪው ከመጀመሩ በፊት ከሚስበው ትንፋሽ ንግግሩ ስንት ገጽ እንደሆነ ይገምታል።

«የእኔንስ ከትንፋሼ ታውቃለህ?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«አንቺ መቼ ትተነፍሺያለሽ? በቀጥታ ነው የምትጀምሪው።»

አዳራሹ ከዓለም ዙሪያ የመጡ መልእክተኞች የሚከራከሩበት ነው። ደንቡ ለእያንዳንዱ አገር ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ሠላሳ ሰከንድ ሲቀር ቢጫ መብራት ይበራል፣ ሦስት ሲሞላ ቀይ፤ ከዚያ ማይኩ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ጋሽ ማብሪያ ሥራውን ሲረከብ ጠረጴዛው መስታወት ሥር አንዲት ወረቀት አገኘ። የአምስት ታላላቅ አገሮች ስም ተጽፎባት ከታች «እነዚህ አይዘጉም» ይላል። ማኅተም የለ፣ ፊርማ የለ። እነዚህ ሲናገሩ ቀዩ መብራት በርቶ ይቀራል፤ እነሱም አሥርም አሥራ አምስትም ደቂቃ ይናገራሉ። የተበላው ጊዜ የሚካካሰው ከሰልፉ መጨረሻ ካሉት ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል፣ አንዱ አንድ፣ ሌላው ጭራሽ «በጽሑፍ ያስገቡ» ይባላል።

ነገሩ ደስ አይለውም ነበር። ግን «እኔ ምን አገባኝ» እያለ ዓመታት አለፉ። አሁን ደግሞ ለጡረታው አራት ዓመት ቀርቶታል፣ ልጁም የነርስነት ትምህርት ላይ ናት።

ዓለም ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በሬዲዮ ጥገናው ዘመን የሚገዛው ዕቃ ሁሉ የሚመጣው ከሁለት ከሦስት አገር ነበር። አሁን የቤቱ አምፖል ከአንድ አዲስ አገር ነው፣ ስልኩ ከሌላ፣ የሚስቱ የደም ግፊት ክኒን ከሦስተኛ። ሦስቱም ወረቀቷ ላይ የሉም። መልእክተኞቻቸውም ድሮ አንገታቸውን ደፍተው የሚያነቡት ሰዎች መሆናቸው ቀረ። በመተላለፊያው ላይ ተሰብስበው ይመካከራሉ፣ በቁጥር ይከራከራሉ፣ እምቢም ይላሉ።

አንድ ቀን ስብሰባው መድኃኒትን በየአገሩ ለማምረት ስለሚሰጥ ፈቃድ ነበር። የሚስቱ ክኒን ከሚሠራበት አገር የመጣችው መልእክተኛ መጨረሻ ላይ ደረሳትና የሕሙማን ቁጥር እየተናገረች ሳለ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላት፣ «ሰዓት አልቋል» ተብሎ ተዘጋች። በሻይ ሰዓት ደረጃውን ወጥታ የባለመስታወቷን ክፍል አንኳኳች።

«እኔን የዘጋኝ የቱ ነው?»

ጋሽ ማብሪያ ደንግጦ ተነሳ። «ይሄ ነው እመቤቴ» ብሎ ቀዩን ቁልፍ አሳያት።

«እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ? እኔ ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር መስሎኝ ነበር።» ዓይኗ ወረቀቷ ላይ አረፈ። «የእኔ አገር የለችም።»

«የእኔም የለችም» አለ፣ ሳያስበው።

«ማን ነው ያዘዘው?»

ሃያ ሁለት ዓመት ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር። «እንጃ» አለ። እሷም አመስግና ወረደች።

ከጎን ክፍል ያለችው አስተርጓሚ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ? ሰደበችዎት?»

«ምነው በሰደበችኝ!»

ከሻይ በኋላ በተጀመረው ሁለተኛ ዙር የመጀመሪያው ተናጋሪ ወረቀቷ ላይ በአንደኛ ተራ ያለው አገር አምባሳደር ነበሩ። መነጽራቸውን አስተካክለው አየር ሳቡ። «ስምንት ገጽ» አለ ጋሽ ማብሪያ በልቡ። ቢጫው በራ። ቀዩ በራ። የልጁ ትምህርት ትዝ አለው፤ ያም ሆኖ ቀዩን ቁልፍ ተጫነው።

የአምባሳደሩ አፍ ለጥቂት ጊዜ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። አስተርጓሚዎቹም የሚተረጉሙት ስላጡ በየጆሮ ማዳመጫው ጸጥታ ሆነ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ባለመስታወቷ ክፍል አየ። የስብሰባው መሪ ሰዓታቸውን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡር አምባሳደር፣ እናመሰግናለን። ቀጣይ ተናጋሪ!»

ያን ቀን ሰልፉ እስከ ጭራው ተናገረ። ሴትዮዋም ዳግመኛ ዕድል ደርሷት ቁጥሯን ጨረሰች።

ስብሰባው እንዳለቀ የቴክኒክ ኃላፊው እያለከለከ ገባ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሊያስበሉኝ ነው?»

«ደንቡ ሦስት ደቂቃ ነው።»

«ደንቡን ይተዉት! ወረቀቱስ?»

ጋሽ ማብሪያ ወረቀቷን ከመስታወቱ ሥር አወጣ። «በዚህም እሠራለሁ። አንድ ፊርማ ብቻ ያኑሩልኝ።»

ኃላፊው እስክሪብቶ መዘዘ። ወዲያው እጁ ቆመ። «እኔ ነኝ የምፈርመው?»

«ታዲያ ማን ይፈርም?»

ተያይዘው ወረዱ። የአስተዳደሩ ሹም አንብበው «ይሄማ ከጽሕፈት ቤቱ ነው መምጣት ያለበት» አሉ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ወረቀቷን በጣታቸው ገፋ አደረጓት። «ይህን እኔ አላየሁም። እናንተም አላሳያችሁኝም።»

«በቃ በደንቡ ይሥሩ» አለ የቴክኒክ ኃላፊው ደረጃው ላይ። «ግን አምባሳደሩ አቤቱታ እየጻፉ ነው አሉ። የሚመጣብዎትን ራስዎ ይቻሉት።»

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። «ቢያባርሩህስ?»

«ሬዲዮ እጠግናለሁ።»

«አሁን ማን ሬዲዮ አለው?» አለችና ራቱን አቀረበችለት። «ደግ አደረግክ።»

በማግስቱ መጀመሪያ የተናገሩት የገዛ አገሩ ሚኒስትር ነበሩ። ለእሳቸው፣ ማንም ሳያዘው፣ ለአገር ልጅነት ብሎ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምር እንደነበር አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ቀዩ በራ። አቤቱታውን የሚጽፉት አምባሳደር እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ፤ ሴትዮዋም ቀና አለች። ጋሽ ማብሪያ ቁልፉን ተጫነ።

አምባሳደሩ አቤቱታቸውን ለሁለት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በሻይ ሰዓት ሚኒስትሩ ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁት። «አንተ ነህ የዘጋኸኝ?»

«አዎ፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«ዋናው ነጥቤ ላይ ገና መድረሴ ነበርኮ!»

«እንግዲያው ከሰዓት በሁለተኛው ዙር ከዋናው ይጀምሩልኝ» አለ ጋሽ ማብሪያ። «እኔም እንድሰማዎት።»

ሚኒስትሩ ንግግራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የፊት የፊቱን ገጽ እዚያው ደረጃው ላይ ይገነጥሉ ጀመር።