ግድግዳውን ማን ሰነጠቀው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ቅጭልጭል አሉ። የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሮጡ። እኔ ተቀምጬ ሳቅሁ። «አባባ፣ መሬት እየተንቀጠቀጠ ምን ያስቅሃል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ያን ድምፅ ስሰማ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የድማሚት ጭስና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ነው። እስቲ አንተ እንኳ ስማኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ወለጋ፣ ጉቴ አጠገብ መንገድ ሲሠራ፣ ድንጋይ ካባው ላይ ድማሚት የማፈነዳው እኔ ነኝ። አለቱን በስተን ድማሚቱን እንከታለን፣ ክሩን ለኩሰን «ዞር በሉ!» እያልን እንሮጣለን። ድው! ሲል ወፎቹ ከባሕር ዛፉ ላይ ብትን ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ከካባው ማዶ አንድ የጭቃ ቤት ነበር። የቤቱን ልጅ ወደድኳት፤ እሷም አልጠላችኝም። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ከጎጃም የመጣ ሰው ልጅ፣ የማርያም ማኅበር የምጠጣ። በዚህ ይመልሱኛል ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ይህን አላነሱም። ሽማግሌዎቹን ወደ ግድግዳው ወሰዷቸው። ከጣሪያ እስከ መሬት ተሰንጥቋል። ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከትተው «ቤቴን ላፈረሰ ልጄን አልሰጥም» አሉ።

እኔም ግትር ነኝ፤ ራሴ ሄድኩ። «ኦቦ፣ እኔ አይደለሁም። መሬቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊት ሌሊት አይሰሙም?»

«ያ ጉርባ» አሉኝ፣ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ቀን አንተ፣ ሌሊት መሬት? ተማክራችሁ ነው?»

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ተመራማሪ መጣ። ስምጥ ሸለቆው ከዚህ ሩቅ ሆኖ ሳለ የወለጋ መሬት ለምን ይነቃነቃል፣ ብሎ ነው የሚያጠናው። «ከሥር ጥንት የተሰበረ አለት አለ፤ አንዳንዴ ይንሸራተታል። ሰው ሲያፈነዳም መሬት ይነቃነቃል። ሁለቱን መለየት አለብኝ» አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ሳጥኑን የልጅቷ አባት ግቢ ቀበረው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የካባው ሰው ከሥራ ሲወጣ እዚህ እየመጣ ያፈነዳበትን ሰዓት ይናገር፤ አንድ ሰው ይጻፍለት።»

ፊደል ብዙም አልገፋሁም። ጸሐፊዋ ልጅቷ ሆነች! አባቷም እውነቱን ማወቅ ስለፈለጉ እንቢ አላሉም። «አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ» ብዬ እገባለሁ። እሷ አቀርቅራ ትጽፋለች፤ በስንጥቁ የገባው የማታ ፀሐይ እጇ ላይ ያርፋል። «ስንት ሰዓት አልከኝ? ቀስ ብለህ ንገረኝ» ትላለች። አንዲት ሰዓት ለመናገር ጀንበር እስክትጠልቅ እንቆይ ነበር። አባቷ ከጥግ ሆነው «ዛሬ ያፈነዳው ካባውን ነው ወይስ ወለጋን በሙሉ?» ይላሉ።

እሁድ ካባው ዝግ ነው። ቢሆንም ሄድኩ፣ «ዛሬ አልፈነዳም» ብዬ ላስጽፍ።

«ያልፈነዳም ይጻፋል እንዴ?» አሉ አባቷ።

«ይጻፋል አባ፣ እንዴት ይቀራል!» አለች፣ ሳቋን አፍና።

ይህን እያልን መሬቱ ከሥራችን አጉረመረመ። ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ከስንጥቁ አፈር ዝርግፍ አለ። አባቷ ክንዴን ጨምድደው ያዙ። ጸጥ ሲል ክንዴን ሳይለቁ ፊቴን አዩ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ እዚህ ነህ።»

«እዚህ ነኝ፣ ኦቦ።»

«ካባውስ?»

«ዝግ ነው።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በይ ወተት አምጪለት፣ ደንግጧል» አሏት። የደነገጡት እሳቸው ናቸው።

ተመራማሪው መጥቶ ሳጥኑ የመዘገበውን አየ። «የእሁዱ የመሬት ነው። ግድግዳው ግን የተሰነጠቀው ሳጥኑ ሳይቀበር በፊት ነው፤ እሱን ማን እንደሰነጠቀው ልነግራችሁ አልችልም» አለ። በአንዴ ላብ አጠመቀኝ። እውነት ተናጋሪ ሰው አንዳንዴ እንዴት ያስጠላል መሰለህ!

አባቷ ግን «አንተን ማን ጠየቀህ? አምላኬ ዋቃ ራሱ ልጁን ቤቴ አስቀምጦ አሳየኝ» አሉት። ወደኔ ዞረው «ሽማግሌዎችህ ይምጡ» አሉኝ።

ሰውየው ሳጥኑን ነቅሎ ሄደ፤ እኔና እሷ ተጋባን። ካባው እስኪዘጋ ድረስ፣ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬስ ስንት ሰዓት ላይ አፈነዳህ?» ትለኝ ነበር። እነግራታለሁ። ማንም የማይፈልገውን ሰዓት ቁም ነገር አድርጋ ትሰማኛለች።

አሁን እሷ የለችም። ልጆቹ ደህና ልጆች ናቸው፤ ማታ ማታ «እንዴት ዋልክ?» ይሉኛል። ደህና ዋልኩ እላለሁ። ስንት ሰዓት ላይ ብሎ የሚጠይቀኝን ነው ያጣሁት።